አንድ ሜትር ግድግዳ

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ሚሊሜትር ዛሬ የመጨረሻውን ፕሮጀክት ሰጠን። ሚሊሜትር የአርክቴክቸር ስቱዲዮ መምህራችን ነው፤ ስሙን የትኛው ባች እንዳወጣለት አይታወቅም፣ ያወጣለት ሰው ግን አልተሳሳተም። አሥራ ሁለት በሃያ አራት ሜትር በሆነ ጠባብ መሬት ላይ ለስድስት ቤተሰብ የሚሆን መኖሪያ። እስከዚህ የለመድነው ነው። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እያንዳንዳችን ከነደፍነው ቤት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ቆርጠን፣ በእውነተኛ ልኩ፣ በእውነተኛ ጡብ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ እንገነባለን። በገዛ እጃችን። ግድግዳው ከአምስት ሚሊሜትር በላይ የዘመመ ተማሪ የመጨረሻ ሥራችንን የሚዳኘው ጁሪ ፊት አይቀርብም።

‹‹ወረቀት የማይሸከመው ነገር የለም፤ መሬት ግን ይመርጣል›› አለና እኔን አየኝ። ወይም መስሎኝ ነው።

አምና የወደቅኩት በዚሁ ነው። ‹‹ሥዕልሽ ያምራል፤ ቤትሽ ግን አይቆምም።›› ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ የልደት ቀኔን እንኳ የምረሳው እኔ! ዘንድሮ ከወደቅኩ ሌላ ዕድል የለም። አምስት ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን እማዬ አታውቅም። አባዬም አያውቅም።

ግን እኔ እኮ የግንበኛ ልጅ ነኝ! አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ደግሞ ቤት ከተቀመጠ ይኸው ሁለት ወሩ፤ ሥራ ቀዝቅዟል ይላል። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ይሄ ነው።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ሥራ፦ የምታውቁትን ቤት ለኩ፤ ሰዎቹ ውስጡ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ አስተውሉ። የኛን ቤት ለካሁ። ሁለት ክፍል፤ የአንዱን ግማሽ የእማዬ የስፌት መኪና ይዞታል። እማዬ ከመኪናዋ ቀና ብላ ‹‹ምነው አባትሽን በሜትር ትከተይዋለሽ? ሱሪ ልትሰፊለት ነው?›› አለችኝ።

አባዬ በመካከለኛው በር ሲያልፍ ሁልጊዜ ትከሻውን ይመታል። ስለዚህ በሩ ቦታው ልክ አይደለም። ወንበሩን በየቀኑ ወደ መስኮቱ ይስባል፤ ክፍሉ ብርሃን የሚያገኘው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ነው። ከክፍል ክፍል ሲሄድ ደግሞ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ነው። ይሄኛው ወርቅ የሆነ ሐሳብ ነው! ሰው ግድግዳ መንካት ይወዳል፤ ስለዚህ ግድግዳ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእጅም መሠራት አለበት። የፕሮጀክቴ መነሻ ይሄው ይሁን።

ነገ እጀምራለሁ። ዛሬ ወገቤ የኔ አይደለም።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

አባዬን አማከርኩት። ‹‹አንድ ሜትር?›› ብሎ ሳቀብኝ። ‹‹እሱንማ ሻይ እስኪፈላ እጨርሰዋለሁ።››

በገዛ እጃችን የሚለውን ነገርኩት። ‹‹እኔ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ታቀብይኛለሽ›› አለ። ይሄ በገዛ እጅ ይባላል? አይባልም። ግን አባዬን ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። እማዬም በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ‹እሺ በይው› አለችኝ። እሺ አልኩ።

እውነቱን ልጻፍ? እፎይ ብያለሁ። እኔና ሲሚንቶ አንዋደድም።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። ጡብ መረጥኩ። ብሎኬት ይቀላል፣ ይፈጥናል፣ ግን ስትነካው ቆዳ ይልጣል። ጡብ ይሻላል። በየሦስት ረድፉ ክፍተት፤ ነፋስና ብርሃን ይገባበታል። ካርቶን ‹‹ዝንብስ?›› አለኝ። ካርቶን ጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ነው፤ ሞዴል ሲሠራ ከካርቶን ሌላ አይነካም። ዝንብም ይግባ! ደክሞኛል።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

ሚሊሜትር ዛሬ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ሦስት ቀን የለፋሁበትን ሥዕል አምስት ደቂቃ ያህል አየው። ካርቶን ኮላ የነካ ጣቱን አንጠልጥሎ ጆሮውን ጣለ።

‹‹ይሄ ቤት ለማን ነው?››

‹‹ለስድስት ቤተሰብ ነው መምህር።››

‹‹እሱን እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ጥጉን ሁሉ ክብ አድርገሽዋል። የደረጃው የመጀመሪያና የመጨረሻው እርከን ቀለሙ ይለያል። ከበር እስከ በር ግድግዳው ላይ እጅ የሚያርፍበት ጠርዝ አለ። ብርሃኑ የሚገባው ሰው የሚሄድበትን እየተከተለ ነው። ዓይኑ ለደከመ ሰው ነው እንዴ የነደፍሽው?››

‹‹አይደለም!›› አልኩ። ካርቶን ዞሮ አየኝ፤ ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል።

‹‹ቢሆንማ ጥሩ ነበር›› አለ ሚሊሜትር። ‹‹ሰው ያለበት ቤት ስትሠሪ ሳይሽ የመጀመሪያዬ ነው። ለማን እንደሆነ ጻፊበት።››

አልጽፍም። ሰውዬው የሌለ ነገር እያየ ነው። ጥጉን ክብ ያደረግኩት ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ስለሚጋጭ ነው፣ በቃ። ተመስግኜ እንዲህ መናደዴ ግን ምን ይባላል?

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ግድግዳው ቆመ። እጄን ሲሚንቶ በልቶት ብዕር አልይዝ ብሏል፤ ቢሆንም ሳልጽፍ አልተኛም።

አባዬ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ጠበቀኝ። ሜዳው ላይ ሌሎቹ ተማሪዎች መጽሐፍ ገልጠው ጡብ ከጡብ ያስታርቃሉ። አባዬ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ሲንበረከክ ሁሉም ሥራቸውን ትተው ከበቡት። ጡቡን ሳያየው ነው የሚያስቀምጠው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ያስቀምጣል፣ በማንኪያው እጀታ ኳ ኳ ያደርገዋል። ‹‹አቤት እጅ!›› አለች አንዷ። ኮራሁ። የኔ አባት ነው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ረድፉ የሚከተለውን ክር ወጥሬለት ነበር። ‹‹ይሄ ክር አይረባም፤ ነጭ የለሽም?›› አለኝ። ነጭ ነው። ‹‹እሺ›› ብዬ ሌላ ነጭ ቀየርኩለት። በየረድፉ መጨረሻ ቀና ሳይል ‹‹ልክ ነው?›› ይለኛል። ‹‹ልክ ነው አባዬ›› እላለሁ። እንዲህ እያልን አሥራ ሦስት ረድፍ ሄድን።

አምስተኛው ላይ ከክሩ የወጣ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ነው አልኩ። ስምንተኛው ላይም መሰለኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ ተሳስተሃል ይባላል? ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? ሥዕሏ የሚያምር፣ ቤቷ የማይቆም። ሲጨርስ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ‹‹ይሄ እኔንም አንቺንም ይቀብራል!›› አለ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። አባዬ አንገቱን ደፋ፤ ሲያፍር እንዲህ ነው።

ዝም አይነቅዝም።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

ካርቶን ጠዋት፦ ‹‹ግድግዳሽ ጨዋ ነው። ሳልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።››

ሳቅኩ። ሁሉም ምሳ ሲወጣ ቱምቢ ይዤ ተመለስኩ። ቱምቢ ክር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ አይዋሽም፣ ይሉኝታም የለውም። አራት ሴንቲ ሜትር። ደገምኩት። አራት።

መሬቱ ሰጥሞ ይሆናል። ሲሚንቶው ቀጥኖም ይሆናል፤ ያቦካሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው።

ማታ አባዬ ‹‹ደረቀ?›› አለኝ። ‹‹እንደ ድንጋይ›› አልኩት።

መጋቢት 19፣ ረቡዕ

ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የምለካበት ውሃ ልክ ልዋስ ብዬ አባዬ ይሠራበት ወደነበረው ሕንፃ ሄድኩ። ፎርማኑ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል። ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወራ ድምፁን ሰማሁት።

‹‹ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረውን በሙሉ ነው ያፈረስነው። ሽማግሌው ልክ ነው? ይላል፤ እኛም ልክ ነው ጋሼ እንላለን። ማን ደፍሮ ይንገረው? ሙያውን ያስተማረን እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሥራ ቀዝቅዟል ብለን ሸኘነው።››

ሳልገባ ተመለስኩ። ስለ ሌላ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ግንበኛ ብቻ ስንት ሺህ አለ። ሦስተኛ ፎቅስ ስንት አለ።

ውሃ ልኩን ከካርቶን ተዋስኩ።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

አፈረስኩት።

ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ። ለመገንባት ግማሽ ቀን፣ ለማፍረስ ሩብ ሰዓት። ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም ነበር፤ ጡቦቹ ሙሉ ሙሉ ወጡልኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የአባዬን ሲሚንቶ ከጡቦቹ ላይ አንድ በአንድ ፋቅሁ። ካርቶን ሲመጣ ምንም አልጠየቀኝም። መዶሻ ፈልጎ አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና አብሮኝ ይፍቅ ጀመር። ሁልጊዜ የሚያሾፍ ሰው ዝም ሲል እንዴት ያስፈራል። አለቀስኩ ብዬ እዚህ አልጽፍም።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባዬ በወዲያኛው ክፍል ያንኮራፋል።

ስድስት ወይም ሰባት ዓመቴ ሳለ ሥራ ቦታው ወስዶኝ ያውቃል። ገና ጣሪያ ያልነበረው ቤት ውስጥ አቁሞኝ፣ ‹‹አንድ ዓይንሽን ጨፍኝና በግድግዳው ጠርዝ ተመልከቺ። ግድግዳው ሁሉ አንድ መስመር ከሆነ ልክ ነው፤ ሆዱን ከነፋ ይፈርሳል›› አለኝ። መጨፈን አልችል ብዬ ሁለቱንም ጨፈንኩ። እስኪያነባ ሳቀ። ቤት ሄዶ ለእማዬ፣ ለጎረቤት፣ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራው። አርክቴክት የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ለማንም ተናግሬ ባላውቅም።

እና የሱን ግድግዳ እኔ አፈረስኩት። ሳልነግረው። ሌባ እንደዚህ ነው የሚሰማው?

ልንገረው ይሆን? ምን ብዬ? አባዬ ግድግዳህ ዘሞ ነበር ብዬ? ከዚያስ? ‹‹ለምን ዘመመ?›› ሊለኝ ነው። ተኝቻለሁ።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

አራት ረድፍ። ዘመመ። አፈረስኩ።

መጋቢት 26፣ ረቡዕ

ስድስት ረድፍ። ጣቴ ተሰነጠቀ። እማዬ፦ ‹‹እጅሽ ምን ሆነ?›› እኔ፦ ‹‹ወረቀት ስቆርጥ ነው።›› አፈረስኩ። ለካ ጡብ ይከብዳል። አምስት ዓመት ሙሉ በእርሳስ ሳሰምረው አይከብድም ነበር።

መጋቢት 28፣ ዓርብ

አባዬ ግድግዳውን ልይ እያለ ነው። ‹‹ሜዳው ተዘግቷል›› አልኩት። ‹‹ማን ዘጋው?›› ‹‹መምህሩ።›› የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፤ ሚሊሜትር የማያውቀው ኃጢአት ተለጠፈበት።

ዛሬ አባዬ ደጃፋችን ላይ ያለችውን አንዷን ደረጃ ስቶ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። ‹‹ይቺ ደረጃ ትናንት አልነበረችም›› ብሎ ቀለደ። እማዬ አልሳቀችም። ማታ ሳህን ስታጥብ ቀስ ብላ ‹‹ሐኪም ቤት እንውሰደው›› አለችኝ።

‹‹ለጉልበቱ?›› አልኳት።

ሳህኑን አስቀምጣ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

‹‹ከጁሪ በኋላ እማዬ›› አልኩ። አንድ ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ምን ይለውጣል?

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

አሥራ ሦስት ረድፍ! የዘመመው ሦስት ሚሊሜትር ብቻ። ውሃ ልኩን ሁለት ጊዜ፣ ቱምቢውን አራት ጊዜ አደረግኩበት። መጋጠሚያው እዚህ ወፍራም እዚያ ቀጭን፣ ጡቡ ሁሉ ሲሚንቶ ተለቅልቋል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ነውና ‹የብርሃን ግድግዳ› ብዬ ሰየምኩት። ካርቶን ዞሮ ዞሮ አየውና ‹‹ሰላምታ ትቷል፤ ኮርቷል›› አለ። ሁለታችንም ሜዳው ላይ ተዘርረን ሳቅን። ደስታ ነው ድካም አላውቅም።

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

ጁሪ። በአንድ ቀን አሥር ዓመት አረጀሁ።

ሦስት ነበሩ፤ ሚሊሜትር፣ ሌላ አንድ መምህርና ከውጭ የተጋበዘች መሐንዲስ። ሥዕሉ ላይ ብዙም አልደረቁብኝም። ሚሊሜትር እንደገና ‹‹ለማን ነው?›› አለ። እንደገና ‹‹ለስድስት ቤተሰብ›› አልኩ። ከዚያ ወደ ሜዳው ወጣን።

አባዬ እዚያ ቆሟል። እማዬ የተኮሰችለትን ኮት ለብሶ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ። ና አላልኩትም! ያን ሁሉ መኪና ያለበት መንገድ ብቻውን እንዴት ተሻገረ?

መሐንዲሷ ውሃ ልኩን አስደግፋ ጎንበስ አለች። ‹‹ጥሩ ነው። ማን ነው የገነባው?››

‹‹እኔ።››

‹‹ሙሉ በሙሉ?››

አባዬን አየሁት። እሱም ወደኔ ዞሯል፣ ግን የሚያየው ከኔ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ‹‹ሙሉ በሙሉ›› አልኩ። ሰው ፊት እንዲህ አድርጌ አባቴን ካድኩት።

እነሱ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ሲሄዱ አባዬ ቀረበ። ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰው። ጥፍሩን መጋጠሚያው ውስጥ ሰደደ፤ ወፍራሙ ላይ ቆየ፣ ቀጭኑ ላይ ቆየ። ‹‹እንሂድ፤ እናትሽ ትጠብቃለች›› ብቻ አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሦስት ፌርማታ አለፍን።

‹‹የኔን መቼ አፈረስሽው?››

‹‹የዛሬ ሁለት ሳምንት።››

‹‹ስንት ነበር?››

‹‹ምኑ?››

‹‹አታድርቂኝ። ስንት ዘሞ ነበር?››

‹‹አራት ሴንቲ።››

‹‹አራት!›› ብሎ ሳቀ። ‹‹በአንድ ሜትር አራት! ለማጅ ሳለሁ እንኳ እንዲህ አላጣመምኩም።›› ሳቁ ቶሎ አለቀ። ‹‹ክሩን እኮ አላየውም። ካላየሁት ቆየሁ። አንቺን ነበር የምጠብቀው። ልክ ነው? ስልሽ ልክ ነው ስትዪኝ ቀጠልኩ። ልጄ የተማረች ናት፣ እሷ ካለች ልክ ነው አልኩ።››

‹‹እንዳይከፋህ ብዬ ነው አባዬ።››

‹‹አውቃለሁ። ሁሉም እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። እንዳይከፋኝ ሲባል ሲባል ይኸው ቤት ተቀመጥኩ።››

‹‹አንተስ ለምን አልተናገርክም?›› ተቆጣሁ፤ ምን መብት አለኝ፣ ግን ተቆጣሁ።

‹‹ዓይኔ ደከመ የሚል ግንበኛን ማን ይቀጥራል? ደግሞ አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ ብዬ ነው።››

እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን። ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ። አጥብቆ ነው የያዘኝ። ቤት እስክንደርስ አለቀቀኝም።

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ

አልፌያለሁ። እማዬ እልል አለች። አባዬ ግንባሬን ሳመኝ፤ መጀመሪያ ጆሮዬን አገኘው። ደስ ሊለኝ ይገባል። ለማክሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ሐኪሟ ረጅም ጊዜ ወስዳ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነው፤ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳያውቅ ቀስ እያለ ይበላዋል አለች። ግራው ጠፍቷል። አይመለስም። ቀኙን በጠብታ፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና ባለበት ለማቆየት እንሞክራለን።

‹‹ከመቼ ጀምሮ ነው?›› አለች ሐኪሟ።

‹‹በቅርቡ ነው። ወር ቢሆነው ነው›› አለ አባዬ። እማዬ መሬት መሬቱን አየች።

‹‹ከጥቅምት ጀምሮ›› አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ‹‹ጥቅምት ላይ አይቻለሁ። ሻይ ሲቀዳልኝ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ያፈስ ነበር። ብርጭቆውን ገፋ አድርጌ ከሥሩ አስገባሁለት። አመስግኜው ጠጣሁ።››

ይህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

ሐኪሟ በጣቶቿ ቆጠረች። ‹‹ስድስት ወር። ያኔ ብታመጪው ኖሮ ግራውም ይተርፍ ነበር›› አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችኝ።

አባዬ እኔ ያለሁ ወደመሰለው በኩል እጁን ዘረጋ። እዚያ የተቀመጠችው እማዬ ነበረች።

‹‹እሷን ይተዋት ዶክተር›› አለ። ‹‹ትምህርት ላይ ነበረች።››